ባቡሩ ሲጮህ

ሰው ስለ ባቡር ሲያወራ ፍጥነቱን ያነሳል፤ እኛ ዛሬ ጩኸቱን እናንሳ። ያውም የመጫወቻ ባቡር ጩኸት!

ነገሩ የሚጀምረው ጀርመን፣ ጎፒንገን ከተማ ነው። ማርክሊን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1859 ሲቋቋም የአሻንጉሊት ቤት የቆርቆሮ ዕቃ ይሠራ ነበር። በ1891 ላይፕዚግ ባዛር ላይ ቁልፉ ሲጠመዘዝ በሞላ ኃይል የሚሄድ ባቡር ከነሐዲዱ አቀረበ። በ1935 ደግሞ 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ባቡሩን ጠረጴዛ ላይ አወጣው።

እነዚህ የድሮ ሎኮሞቲቮች ሲንጫጩ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ማርሹ ዘይት ጠምቶታል፣ ዘንጉ ላይ ፀጉርና የምንጣፍ ክር ተጠምጥሟል፣ ወይም የሞተሩ ካርቦን አልቋል። ብሎኑን ፈትቶ ክሩን በወረንጦ መልቀም፣ ካርቦኑን መቀየር፣ በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ። አንድ ብቻ! ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል፣ ካርቦኑ ጋ ከደረሰም ሞተሩን ያቆሽሻል።

ድርጅቱ ራሱ በ2009 ከስሮ ነበር፤ በ2013 አዲስ ባለቤት አገኘ። የአያት ባቡር ግን ዛሬም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል፤ ሲሠራ እንዲፈታ ተደርጎ ነዋ!

እኛስ? ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ በቡጢ የምንል፣ ሞባይሉ ሲያስቸግር የምንቀይር ትውልድ ነን። የሚጮህ ዕቃ ገና ነፍስ አለው፤ ሳንጥለው በፊት ክዳኑን ከፍተን እንየው።