ያለ ቀዶ ሕክምና የሚገጥም አጥንት

ከደረት አጥንት እስከ ትከሻ የሚዘረጋው፣ ሐኪሞች ክላቪክል የሚሉት የአንገት ሥር አጥንት፣ ሰው በትከሻው ሲወድቅ ቶሎ ከሚሰበሩት አንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተጻፈው የግብፆች የኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ፣ ሕመምተኛው በጀርባው ተኝቶ፣ በትከሻዎቹ መካከል የታጠፈ ነገር ተደርጎለት፣ ትከሻው ወደ ኋላ ተከፍቶ አጥንቱ እንዲስተካከል ያዝዛል። ሂፖክራተስም ሕመምተኛው ሕመሙ ጋብ ሲልለት ሕክምናውን ችላ እንደሚል፣ አጥንቱ ግን እንዲያም ሆኖ እንደሚገጥም አስተውሏል።

በኢትዮጵያ ሥራው የወጌሻ ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም ነው። ወጌሻ የእጅና የእግር ስብራትን ቅቤ ቀብቶ ያሻል፣ ጎትቶ ያገጣጥማል፣ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ያስራል። እሥሩ ከጠበቀ ደም ይቋረጥና ጋንግሪን፣ ማለትም የሥጋ መሞት፣ ይከተላል። ጉራጌ ውስጥ ባለው አጣጥ ሆስፒታል ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጥ አካል መቀነሱን የሚገልጽ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። የአንገት ሥር አጥንት ግን ዙሪያውን በቀርከሃ ስለማይታሰር ከዚህ አደጋ ያመልጣል። ክንድን በነጠላ አንገት ላይ ማንጠልጠል ይበቃዋል፤ በሆስፒታል የሚሰጠው ሕክምናም ከዚህ ብዙም አይለይም። ጠንካራ እሽታ ግን አይገባም፤ ከሥሩ ወደ ክንድ የሚሄዱ ትልልቅ የደም ሥሮችና ነርቮች አሉ።

አሜሪካዊው ቻርልስ ኒር እ.ኤ.አ. በ1960 ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙ 2,235 ስብራቶች ሳይገጥሙ የቀሩት 3 ብቻ መሆናቸውን ጻፈ። ቁጥሩ ቀዶ ሐኪሞችን ለአሥርተ ዓመታት ከቢላ አራቃቸው። በሁለቱ ትከሻዎች ዞሮ ጀርባ ላይ እንደ 8 ቁጥር የሚተላለፈው ፋሻም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ከተራ ማንጠልጠያ ይልቅ ሕመምተኛውን እንደሚያስቸግር፣ ውጤቱም እንደማይበልጥ አሳየ።

ሆኖም በቀደሙት ጥናቶች ቶሎ የሚያገግሙ ሕፃናትም ተቆጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የካናዳ ሐኪሞች አጥንታቸው የተለያየባቸውን አዋቂዎች ብቻ ሲያወዳድሩ፣ በብረት ከተጠገኑት 62 ሰዎች 2፣ በማንጠልጠያ ከታከሙት 49 ደግሞ 7 ሳይገጥምላቸው ቀረ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ከ49ኙ 42ቱ ያለ ቢላ መዳናቸውም እንዲሁ።

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በአሜሪካ የኮሎምበስ አጎራባች በሆነችው ፒከሪንግተን፣ ብዙ ያልተለያየ ስብራት ለ2 ወይም 3 ሳምንት ተንጠልጥሎ ቀስ በቀስ ይንቀሳቀሳል፤ የአዋቂ አጥንት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይገጥማል። ቆዳው ከተበሳ ወይም እጅ ከደነዘዘና ከቀዘቀዘ ግን ወጌሻም ሆነ ነጠላ አይበቃም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።