ከቁራኛ እስከ ሄፍቴር፦ ቤተሰቦች ከዕዳ ለመውጣት የሄዱባቸው መንገዶች



ከመርከዝ ክሊታ ወጥታችሁ የራሳችሁን በር ዘግታችሁ መኖር ስትጀምሩ ከዘመድ ቀድሞ የሚጎበኛችሁ ፖስታ ነው። የመብራት፣ የውኃ፣ የአርኖና፣ የስልክ፣ የባንክ ደብዳቤ በላይ በላይ ይመጣል። ገቢው ሳይደላደል ወጪው ይቀድማል። ከዚያ ባንኩ «ሚኑስ» የሚለው ነገር ይከተላል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ያፍራልም። ደብዳቤውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥም አለ።

ዕዳ በእናንተ ቤት አልተጀመረም። ከጥንት ጀምሮ ሰዎች ከዕዳ ለማምለጥ የሞከሯቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ሲሰሙ ያስገርማሉ። ሁሉንም አንድ ላይ ስናያቸው ግን አንድ ነገር ያስተምሩናል። ዕዳውን ደብቆ የዳነ ጥቂት ነው፤ በሦስተኛ ሰው ፊት አውጥቶ የተነጋገረ ግን ብዙ ጊዜ መውጫ አግኝቷል። ይህን ለማየት ከኦሪትና ከነቢያት እንነሣ።

በአባቶች ዘመን

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ላይ የአንዲት መበለት ታሪክ አለ። ባሏ ዕዳ ትቶባት ሞተ፤ አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። እርሷም ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ሄዳ ጮኸች። በቤቷ ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም አልነበራትም። ነቢዩ ያዘዛት የመጀመሪያ ነገር ከጎረቤቶቿ ሁሉ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ ነው። ዘይቱ በተዋሰችው ማድጋ ሁሉ ሞላ፤ ሸጣ ዕዳዋን ከፈለች፤ በቀረው ከልጆቿ ጋር ኖረች። ተአምሩ የእግዚአብሔር ነው፤ ማድጋው ግን የጎረቤት ነበር። ችግሯን ደብቃ ቢሆን ኖሮ ማድጋ የሚያውሳት ከየት ይመጣ ነበር?

ሌሎች ደግሞ ሸሹ። ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በዓዶላም ዋሻ በተቀመጠ ጊዜ ወደ እርሱ ከተሰበሰቡት 400 ያህል ሰዎች መካከል ባለዕዳዎች እንደነበሩ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 22 ይናገራል። ዓዶላም ከአሽዶድ በስተምሥራቅ ባለው ኮረብታማ አገር ነው። በእኛም አገር በዕዳና በግብር ተማርሮ ዱር የገባ፣ የሸፈተ ሰው ታሪክ እንግዳ አይደለም። የሸሸ ሰው ግን ዕዳውን ለሚስቱና ለልጆቹ ትቶ ነው የሚሄደው።

የከተማችን ስም የሚነሣበት መጽሐፈ ነህምያም ስለ ዕዳ ይተርካል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በኢየሩሳሌም ረኃብ ሆነ፤ ግብሩም ከበደ። ሰዎች እርሻቸውን፣ ወይናቸውንና ቤታቸውን አስይዘው እህል ተበደሩ፤ ልጆቻቸውንም ለባርነት እስከ መስጠት ደረሱ። ነህምያ ታላቅ ጉባኤ ጠርቶ ባለጠጎቹን በሕዝብ ፊት ወቀሰ። እርሱና ወንድሞቹም አበዳሪዎች እንደነበሩ አልሸሸገም። ባለጠጎቹም መሬቱንና ቤቱን ሊመልሱ ማሉ።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 ደግሞ በየሰባት ዓመቱ ዕዳ እንዲሰረዝ ያዝዛል። ሕጉ ለድኃ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ ሰው ማበደር ይፈራ ጀመር። ከ2,000 ዓመት በፊት የኖረው ሂሌል ይህን አይቶ «ፕሮዝቡል» የሚባለውን ሥርዓት አቆመ። አበዳሪው ዕዳውን በጽሑፍ ለፍርድ ቤት ያስተላልፋል፤ ዕዳውም አይሰረዝም። ድኃውም የሚያበድረው ሰው አላጣም። የቤተ እስራኤል አባቶቻችን በኦሪቱ እንጂ በታልሙድ ስላልኖሩ ፕሮዝቡልን አያውቁም ነበር፤ እዚህ አገር ግን ስሙን ትሰማላችሁ።

ቁራኛ

አሁን ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። «በዓይነ ቁራኛ ይጠብቀዋል» ስንል ቃሉ ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ቁራኛ ማለት አብሮ የታሰረ ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን መክፈል ያልቻለ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። አበዳሪው ራሱ መታሰሩ ሲሰለቸው በምትኩ አሽከሩን ወይም ሌላ ሰው ያስር ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ የተቆራኙ ሰዎችን በመንገድ ላይ አይተው ጽፈዋል፤ ፎቶግራፍም አንሥተዋል። ባለዕዳው ከነሰንሰለቱ እየለመነ ዕዳውን የሚያጠራቅምበት ጊዜም ነበር።

ነገሩ ጭካኔ ነው። ሆኖም አበዳሪውም ሲታሰር ሥራው ይፈታል፤ ስለዚህ እርሱም ለመታረቅ ይቸኩላል። ዘመድ አይቶ ያዝናል፤ ሽማግሌ ይገባል፤ ዋስ ይጠራል፤ ዕዳው በየመከሩ እንዲከፈል ይቆረጣል። ሰንሰለቱን ብዙ ጊዜ የሚፈታው ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ መገኘቱ ሳይሆን ዋሱ ነበር። ዘመናዊ ፍርድ ቤት እየተስፋፋ ሲሄድ ልማዱ ቀርቷል፤ ቃሉ ግን በአፋችን ላይ አለ።

ወለድ አገድና ርስት የሌለው ሰው

ርስት ያለው ገበሬ ሌላ መንገድ ነበረው፤ እርሱም ወለድ አገድ ነው። ባለዕዳው መሬቱን ለአበዳሪው ያስይዛል፤ አበዳሪው በወለድ ፋንታ እያረሰ ሰብሉን ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ ሲመለስ መሬቱ ይመለሳል። በ1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1960) የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ወለድ አገድን በአንቀጽ ደንግጓል። ችግሩ መሬቱን የሰጠ ሰው ዋናውን ገንዘብ የሚያመርትበት ነገር አይቀረውም። ስለዚህ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ወለድ አገድ ነበር።

የእኛ አባቶች ግን አብዛኞቹ ይህም አልነበራቸውም። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ ማዘዙ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ ሸማ እየሸመኑ ኖረዋል። የሚያስይዙት መሬት ስለሌላቸው መያዣቸው የእጃቸው ሥራ ነበር፤ ማረሻ የሳለ ቀጥቃጭ ዋጋውን በመከር ጊዜ በእህል ይቀበል ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ድረስ በቆየው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። ያን ጊዜ ከብቱም እህሉም ስለጠፋ አበዳሪም ባለዕዳም እኩል ሆኑ። በኋላም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1975) የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከኪራይ ብቻ ሳይሆን ለባለመሬቱ ካለበት ዕዳም ነፃ አደረገው። ከእናንተ መካከል ትልልቆቹ ያን ቀን ታስታውሱ ይሆናል። ነገር ግን እንዲህ ያለ አዋጅ በዕድሜ አንድ ጊዜ ቢመጣ ነው፤ ቤተሰብ በእርሱ ተስፋ ቤቱን አያቆምም።

በሬ ማቀናጀት፣ እቁብ መጣል

አዋጅ በማይኖርበት ጊዜ ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ የሚድነው በጎረቤቱ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ሌላ በሬ ለመግዛት አይበደርም፤ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። የጉልበት ሠራተኛ ለመቅጠር አይበደርም፤ ወንፈል ይገባል። በከተማ ደግሞ እቁብ አለ።

እቁቡ ከእኛ ጋር ወደ እስራኤልም መጥቷል። ሦስት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሐጋር ሰለሞን፣ ስቲቨን ካፕላንና ሃርቪ ጎልድበርግ፣ በ2009 በእስራኤል ስለሚገኙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እቁብ ጥናት አሳትመዋል። እናቶቻችን ቋንቋውን ሳይችሉ፣ ባንኩ ሳያምናቸው፣ በራሳቸው ዳኛና ጸሐፊ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ችለዋል።

ሒሳቡን እንየው። 12 ሴቶች በወር 500 ሸቅል ቢጥሉ 6,000 ሸቅል ይሆናል። በባንክ 6,000 ሸቅል ሚኑስ ያላት ሴት ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ነው ብንል፣ ዓመቱን ሙሉ ብታቆየው 720 ሸቅል ለወለድ ብቻ ትከፍላለች። እቁቧ ቀድሞ ቢወጣላት ግን ሚኑሱን ዘግታ ቀሪውን 11 ወር ያለ ወለድ ትከፍላለች። ዕጣው ለሌላ ሰው ቢወጣ እንኳ ችግሯን ለዳኛዋ ብትናገር ተራ ሊለቀቅላት ይችላል። ካልተናገረች ግን ማን ያውቅላታል? እቁብ ግን ሁለት አደጋ አለው። አንዱ፣ ቀድሞ የወሰደ ሰው መጣሉን ማቆሙ ነው፤ ለዚህ ነው ዋስ የሚጠየቀው። ሌላው፣ የእቁብ ገንዘብ ዕዳ መዝጋቱ ቀርቶ ለድግስ መዋሉ ነው።

በዚህ አገር ያለው ሕግ

እስራኤልም የራሷ ቁራኛ ነበራት። የፍርድ ማስፈጸሚያ መሥሪያ ቤቱ፣ ማለትም ሆጻአ ላፖዓል፣ በ1967 በወጣው ሕግ መሠረት ይሠራል። ባለዕዳ ስላልከፈለ የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። በ1993 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሰውየው የመክፈል አቅም ሳይመረመር ማሰር አይገባም ብሎ ይህን የሚፈቅደውን ደንብ ሻረ። ዕዳ ለማስከፈል ተብሎ የሚያዝ የቤት ዕቃም ወሰን አለው፤ አልጋና መኝታ፣ ምግብ፣ መድኃኒት የመሳሰለው አይወሰድም።

ከመስከረም 2019 ጀምሮ ደግሞ በ2018 የወጣው አዲስ የኪሳራ ሕግ በሥራ ላይ ውሏል። በሕጉ አነጋገር ዓላማው ባለዕዳውን ዳግም ማቋቋም ነው። ሕጉ ሲወጣ ገደቡ 150,000 ሸቅል ነበር፤ ከዚያ በታች ያለ ዕዳ በሆጻአ ላፖዓል፣ ከዚያ በላይ ያለው በኪሳራ ኃላፊው መሥሪያ ቤትና በፍርድ ቤት ይታያል። ባለዕዳው ገቢውንና ንብረቱን ሁሉ ይገልጻል፤ ለኑሮው የሚያስፈልገው ተትቶለት እንደ አቅሙ ብዙውን ጊዜ ለ3 ዓመት ይከፍላል፤ ከዚያ የቀረው ይሰረዝለታል። ይህ ስረዛ «ሄፍቴር» ይባላል። ንብረት የደበቀ ወይም በማታለል የተበደረ ሰው ሊከለከል ይችላል፤ የልጆች ቀለብና የመንግሥት ቅጣትም አይሰረዝም። በኤልሳዕ ዘመን ለመበለቲቱ የሠራው ነገር እዚህም ይሠራል፤ ችግሩን ገልጦ ለሚናገር ነው መንገዱ የሚከፈተው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ደብዳቤ አትደብቁ። ከሆጻአ ላፖዓል የሚመጣ ወረቀት ቀነ ገደብ አለው፤ በመሳቢያ ውስጥ ሲተኛ ቀኑ ይቆጥራል። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ ወደ ማኅበራችን ይዛችሁት ኑ፤ ወይም የሚያነብ ልጅ ወይም ጎረቤት ጥሩ።

ሁለተኛ፣ ለዋስትና ስትፈርሙ አስቡ። በአገራችን ዋስ መሆን ክብር ነው። እዚህ «ዓሬቭ» ብሎ የፈረመ ሰው ግን ወዳጁ ባይከፍል ራሱ ይከፍላል። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 6ም ለባልንጀራው ዋስ የሆነ ሰው ሳይተኛ ሄዶ ራሱን እንዲያድን ይመክራል።

ሦስተኛ፣ ቼክ ከመስጠታችሁ በፊት ሒሳባችሁን እዩ። በ1981 በወጣው ሕግ መሠረት በ12 ወር ውስጥ 10 ቼክ የተመለሰበት ሰው ሒሳቡ ለአንድ ዓመት ይገደባል።

አራተኛ፣ «ሹቅ አፎር» ከሚባሉት፣ ያለ ወረቀት ከሚያበድሩ ሰዎች ራቁ። ከ2019 ጀምሮ የሚሠራው የፍትሐዊ ብድር ሕግ የጽሑፍ ውል ያዝዛል፤ ወለዱንም በጣሪያ ወስኗል። ውል የማይጽፍ አበዳሪ ከሕጉ ሸሽቶ ነው፤ ከሸሸ ሰው ጋር ምን ጉዳይ አላችሁ?

አምስተኛ፣ ያለ ወለድ የሚያበድሩ መኖራቸውን እወቁ። በየምኩራቡ ገማኽ ይገኛል። በ1990 ፕሮፌሰር ኤሊዔዘር ያፌ ከኢትዮጵያና ከሶቪየት ኅብረት የሚመጡትን ለመርዳት የመሠረቱት የነፃ ብድር ማኅበር ዛሬ «ኦገን» በሚል ስም ይሠራል። በ2002 የተቋቋመው «ፓዓሞኒም» ደግሞ የቤተሰብን ገቢና ወጪ አብሮ የሚያስተካክል በጎ ፈቃደኛ ይመድባል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም አቅም ለሌለው ሰው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለው «ሲዩዓ ሚሽፓቲ» አለ።

አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። በቁራኛ የታሰረው ሰው ዕዳውን መደበቅ አይችልም ነበር፤ ሰንሰለቱን መንገደኛ ሁሉ ያየው ነበር፤ በዚህም የተነሣ ሽማግሌ ደረሰለት። የዛሬው ሰንሰለት በፖስታ ውስጥ ስለሚመጣ እናንተ ካላሳያችሁን ማንም አያየውም። ስለዚህ አሳዩን። ባልና ሚስት እርስ በርሳችሁ፣ ቀጥሎም ለምታምኑት ሰው ተናገሩ።

አምላከ እስራኤል ቤታችሁን ይባርክ። ደኅና ሰንብቱ።