የፋይበር ግላስ መኪናና የተበላው የብሎን ቀዳዳ

በ1953 እ.ኤ.አ. ሸቭሮሌት በአሜሪካ፣ ፍሊንት ከተማ 300 የኮርቬት መኪናዎችን ሠራ። አካላቸው ከብርጭቆ ክርና ከሬዚን የተዘጋጀ ፋይበር ግላስ በመሆኑ ዝገት አልደፈረውም። ይሁን እንጂ ይህ ቁስ እንደ ብረት የብሎን ጥርስ አጥብቆ አይዝም፤ ብሎኑ በተፈታና በተጠበቀ ቁጥር ቀዳዳው እየተፈረፈረ ይሰፋል። ስለሆነም የእንግሊዙ ሎተስ በ1957 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባሳየው ኤሊት መኪና ሞተሩን የሚሸከመውን ብረት ከፋይበር ግላሱ ጋር አዋሐደው። የጥገናውም ጥበብ ከዚሁ አይርቅም። ወፍራም ብሎን በግድ ማስገባት ስንጥቅ ያስከትላልና፣ ባለሙያው የተበላውን ቀዳዳ አጽድቶና አሻክሮ፣ የብርጭቆ ክር በተቀላቀለበት ሬዚን ይደፍነዋል፤ ሲጠጥርም በልኩ ይበሳዋል። ጭነት በሚበዛበት ሥፍራ ከበስተኋላው የብረት ዳዶ ያጣብቅበታል። ዝገት ያልደፈረውን አካል ልል ብሎን እንዳያፈርሰው የሚጠብቀው ይህ ጥቃቅን ሥራ ነው።