ደበሎና አኩፋዳ

ደበሎ የለበሰ ልጅ ዱላውን ይዞ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ደጅ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም!» ውሻ ይጮኻል፤ የቤቱ እመቤት ቁራሽ እንጀራ ወይም እፍኝ ቆሎ ይዛ ትወጣለች።

የቆሎ ተማሪ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ስንቁ ነው።

ከአብነት ትምህርት ቤቶች መካከል በጎጃም ዋሸራ በቅኔ፣ በጋይንት ቤተልሔም በድጓ ስማቸው የገነነ ነው። ተማሪው እዚያ ለመድረስ ከወላጆቹ ተለይቶ በእግሩ ይጓዝ፣ በሣር ጎጆ ያድር ነበር። የቅኔ ተማሪ ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ሲመሽ ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል።

ደራሲው ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በዚሁ ትምህርት አልፈዋል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ውስጥ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ከዚያው ዓለም አወጡት።