ውሃ የሚያቁር የወንዝ ዳር አፈር ምንድን ነው? እንዴትስ ይመደባል?

ሊንደን በአሜሪካዋ የኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በኮለምበስ ሰሜናዊ ምሥራቅ ክፍል የሚገኝ ሰፈር ነው። ከሰፈሩ በስተምሥራቅ አላም ክሪክ የተባለ አነስተኛ ወንዝ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። በደረቅ የነሐሴ ቀን እንዲህ ባለ ወንዝ ዳር የሚያልፍ ሰው የሚያየው ሣር የለበሰ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። መሬቱ ለጓሮ አትክልት የሚመች፣ ቤትም ቢሠራበት የማያስቸግር ይመስላል።

በዝቅተኛው ቦታ ላይ አንድ ክንድ ያህል ቢቆፈር ግን የተለየ ነገር ሊታይ ይችላል። ከላይ ጥቁር፣ ከሥር አመድማ፣ በመካከሉ ዝገት መሳይ ነጠብጣብ ያለበት አፈር ይወጣል። ይህ ቀለም ውሃ በቦታው ላይ በየዓመቱ ለረጅም ጊዜ እንደሚተኛ የሚያስረዳ ምልክት ነው። ሰማዩ ቢጠራ፣ ወንዙም ቢጎድል ምልክቱ አይጠፋም።

በኮለምበስና በአካባቢዋ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ቤት ለመግዛት ለሚያስብም ሆነ በጓሮው ጎመንና ቃሪያ ለሚተክል ሰው ይህን ምልክት ማወቅ ካልታሰበ ወጪ ሊያድን ይችላል።

አፈሩ እንዴት ተፈጠረ?

መካከለኛው ኦሃዮ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር። በረዶው ቀልጦ ሲያፈገፍግ ሸክላ፣ ደለል፣ አሸዋና ጠጠር የተቀላቀለበት ዝቃጭ ጥሎ ሄደ። ወንዞች በዚህ ዝቃጭ ውስጥ ሸለቆ ቆፈሩ፤ በሞሉ ቁጥርም ከላይ ያመጡትን ደለል በግራና በቀኝ ዘረጉት። የጎርፍ ሜዳ የሚባለው በዚህ መንገድ የተነባበረው መሬት ነው።

ብዙ ሰው ወደ ወንዙ በቀረበ መጠን መሬቱ ይበልጥ እርጥብ እንደሚሆን ይገምታል። ይህ ግምት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ጎርፍ ከወንዙ አፋፍ ሲወጣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ከባዱን አሸዋ እዚያው ጠርዙ ላይ ይጥላል፤ ጠርዙም ቀስ በቀስ ከፍ ይላል። ቀላሉ ደለልና ሸክላ ግን ከውሃው ጋር ርቆ ሄዶ ውሃው ሲረጋ ይዘቅጣል። ስለዚህ ውሃ አብዝቶ የሚያቁረው ክፍል ብዙውን ጊዜ ከወንዙ ራቅ ብሎ ኮረብታው ሥር የሚገኘው ዝቅተኛ ቦታ ነው።

ቀለሙ ለምን ይለወጣል?

የአፈርን ቡናማና ቀይ ቀለም በአብዛኛው የሚሰጠው ብረት ነው። አየር እንደ ልብ በሚገባበት አፈር ውስጥ ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የአፈሩን ቅንጣቶች ልክ እንደ ዝገት ይለብሳቸዋል።

አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየር መግቢያ ያጣል። በውስጡ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሱና ለመተንፈስ በመጀመሪያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝንና ብረትን መጠቀም ይጀምራሉ። በዚህ ሂደት ብረቱ በውሃ ወደሚሟሟ ዓይነት ተለውጦ ከቦታው ይሸሻል። ልባሱን ያጣው አፈርም አመድማ ሆኖ ይቀራል። ሥር በሰረጸበት ቀዳዳና በስንጥቅ በኩል አየር ሲመለስ ደግሞ ብረቱ እንደገና ይዝግና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይሆናል።

የላይኛው ንብርብር የሚጠቁረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አየር በሌለበት የሣርና የቅጠል ብስባሽ ቶሎ ስለማይፈርስ በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። የአፈር ባለሙያዎች ቀለሙን በዓይን ግምት ብቻ አይወስኑም፤ መንሰል ከተባለው የቀለም መጽሐፍ ጋር አስተያይተው በቁጥር ይመዘግቡታል።

ሰባቱ ደረጃዎች

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አፈርን በተፈጥሮው ውሃ በማጠንፈፍ፣ ማለትም ትርፍ ውሃን በማስወገድ ችሎታው በ7 ደረጃዎች ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ውሃ ከመጠን በላይ በፍጥነት የሚያሳልፈው ሲሆን፣ የመጨረሻው ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ በአብዛኛው የእድገት ወቅት ከገጹ ላይ ወይም ከገጹ ሥር የማይርቅበት ነው።

በኦሃዮና በኢንዲያና የጎርፍ ሜዳዎች በቅርብ ርቀት የሚገኙ አራት አፈሮች ለዚህ ልዩነት ጥሩ ማሳያ ናቸው። ጄነሲ የተባለው ውሃን በደንብ ያጠነፍፋል። ኢል በመጠኑ ያጠነፍፋል። ሾልስ በከፊል ያቁራል። ስሎን ደግሞ እጅግ የሚያቁረው ነው። አራቱም የተገኙት ወንዝ ካመጣው ደለል ነው። በመካከላቸው ያለው የከፍታ ልዩነት ትንሽ ሊሆን ቢችልም፣ በአንደኛው የበቀለው አትክልት ሲለመልም በሌላው ያለው ሥሩ ሊታፈን ይችላል።

ስሙ ምን ይናገራል?

አሜሪካ የምትጠቀምበት የአፈር አመዳደብ ሥርዓት በመጽሐፍ የወጣው እ.አ.አ. በ1975 ሲሆን፣ ሁለተኛው እትም በ1999 ታትሟል። ሥርዓቱ አፈርን በ12 ዋና ዋና ክፍሎች ይመድብና በ6 እርከኖች እየዘረዘረ ይወርዳል።

በዚህ ሥርዓት የስሎን አፈር የሚመደበው ፍሉቫኩዌንቲክ ኢንዶአኩዎልስ በሚባል ንዑስ ቡድን ውስጥ ነው። ስሙ ለጆሮ ቢከብድም እያንዳንዱ ክፍል ትርጉም አለው። መጨረሻው ላይ ያለው «ኦልስ» ሞሊሶልስ ከሚለው የተወሰደ ሲሆን፣ የላይኛው ንብርብር ጥቁር፣ ወፍራምና ለም መሆኑን ይገልጻል። «አኩ» ውሃን ያመለክታል። «ኢንዶ» ውሃው ከላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሳይሆን አፈሩን እስከ ጥልቁ የሚሞላ መሆኑን ይነግራል። «ፍሉቭ» ደግሞ ወንዝ ማለት ነው፤ ደለል በደለል ላይ መነባበሩን ያሳያል።

በዓለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ሥርዓት ደግሞ 32 ዋና ቡድኖች አሉ። ከእነዚህ መካከል ፍሉቪሶል ወንዝ ወይም ሌላ ውሃ ደለል የነባበረውን፣ ግሌይሶል ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ቀለሙን የለወጠውን አፈር ይይዛሉ።

ከፎገራ ሜዳ ጋር ሲነጻጸር

ውሃ የሚያቁር መሬት ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኘውን የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ያጥለቀልቁታል። ገበሬዎቹም ውሃውን ከመታገል ይልቅ ውሃ የሚወደውን ሩዝ ወደ ማምረት አዘንብለዋል።

ይሁን እንጂ ሁለቱን አፈሮች አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። በፎገራና በብዙ የደጋ ሜዳዎች የሚገኘው ዋልካ አፈር ቨርቲሶል በተባለው ክፍል ይመደባል። ዋልካ ውሃ የሚያቁረው በውስጡ ያለው ብዙ ሸክላ ሲረጥብ አብጦ ቀዳዳውን ስለሚደፍን ነው፤ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። የኦሃዮው ስሎን ግን ያን ያህል ሸክላ የለውም። የሚረጥበው በዋነኛነት በሸለቆው ዝቅተኛ ቦታ ስለተቀመጠና የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ገጹ ስለሚቀርብ ነው።

መድኃኒቱ ግን ይመሳሰላል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ዋልካ መሬታቸውን ሰፊ መደብ እያወጡና በመካከሉ ቦይ እየቀደዱ ትርፉን ውሃ ያጠነፍፋሉ። በሊንደን ጓሮም ውሃ በሚተኛበት ቦታ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ መትከል የጎመኑን ሥር ከመታፈን ያድናል። ውሃ በተኛበት አፈር ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ተለውጦ ስለሚያመልጥ ቅጠል ቢጫ ሊሆን ይችላል። ውሃው ሳይወገድ ማዳበሪያ መጨመር ችግሩን ከሥሩ አይፈታውም።

ለቤት ገዢ ምን ትርጉም አለው?

ኮለምበስ በመጋቢት 1913 እና በጥር 1959 ከባድ ጎርፍ አስተናግዳለች። በአላም ክሪክ ላይ ከከተማዋ በስተሰሜን በ1970ዎቹ የተገነባው ግድብ የጎርፉን ኃይል ይቀንሳል። ዝቅተኛው ቦታ ግን ዝቅተኛ እንደሆነ፣ የከርሰ ምድሩም ውሃ ቅርብ እንደሆነ ይቀጥላል። በእንዲህ ያለ ቦታ የተሠራ ቤት ጎርፍ ባይደርስበትም እንኳ በጸደይ ወራት ምድር ቤቱ ውሃ ሊያሰርግ ይችላል።

በአሜሪካ የተለመደው የቤት መድን የጎርፍ ጉዳትን አይሸፍንም። የፌዴራሉ መንግሥት የጎርፍ መድን ለብቻው የሚገዛ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀናት በኋላ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ከመጣ በኋላ የሚገዛ መድን አይደርስም። «የ100 ዓመት ጎርፍ» የሚለው አጠራርም ያሳስታል። ትርጉሙ በየዓመቱ 1 በመቶ ዕድል ያለው ጎርፍ ማለት ነው፤ በ30 ዓመት የቤት ብድር ዘመን ውስጥ ዕድሉ ወደ 26 በመቶ ያድጋል።

የግብርና ሚኒስቴሩ የአፈር ካርታ ዌብ ሶይል ሰርቬይ በተባለው ገጽ በነፃ ይገኛል። አድራሻ አስገብቶ የአፈሩን ስም፣ የማጠንፈፍ ደረጃውንና የከርሰ ምድር ውሃውን ጥልቀት መመልከት ይቻላል። ነገር ግን ካርታው ሰፊ አካባቢን የሚያሳይ እንጂ ለእያንዳንዱ ግቢ የተሠራ አይደለም። በከተማ ውስጥ ደግሞ የተፈጥሮው አፈር በግንባታ ወቅት ተቆፍሮ ወይም በሌላ አፈር ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ካርታውን ከጎርፍ ካርታው ጋር አስተያይቶ፣ ቤቱን በዝናብ ማግሥት ጎብኝቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በባለቤቱ ፈቃድ አንድ ክንድ ቆፍሮ ቀለሙን ማየት የተሻለ መልስ ይሰጣል። የሚወጣው አፈር አመድማና ዝገት የነጠበበት ከሆነ፣ ዛሬ ደረቅ ቢሆንም ውሃው ከዚህ በፊት እዚያ ነበር፤ ተመልሶም ሊመጣ ይችላል።