የሙቀት ተዳፋት

ቴርማል ግራዲየንት ማለት በአንድ ቦታ ውስጥ ሙቀት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ሲቀንስ ነው። ቃሉን አዘውትረው ከሚጠቀሙበት መካከል እባብና እንሽላሊት በቤት ውስጥ የሚያሳድጉ ሰዎች ይገኙበታል። በአማርኛ «የሙቀት ተዳፋት» እንበለው ባይ ነኝ። «የሙቀት ልዩነት» ሁለት ቦታዎችን ብቻ ያነጻጽራል፤ በመካከላቸው ስላለው አይናገርም። «እርከን» ደግሞ ደረጃ አለው፣ ሙቀት ግን በደረጃ አይዘልም። ተዳፋትን የግብርና ባለሙያውም ገበሬውም ያውቁታል። ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዛሪማ የወረደ ሰው ደግሞ የሙቀቱንም ተዳፋት በገላው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ትንሽ ወረድ ሲል ሹራቡን ያወልቃል።

ገበሎ አስተኔዎች እንደ እኛ ሙቀታቸውን ከውስጥ አያመነጩም፤ ከቦታ ቦታ በመዘዋወር ያገኙታል። ጠዋት ፀሐይ በፋሲል ግቢ ግንብ ላይ ስታርፍ እንሽላሊቷን ልብ ብላችሁ እዩ። ደረቷን ከድንጋዩ ጋር ለጥፋ፣ እግሮቿን ዘርግታ፣ ጎኗን ለፀሐይ ትሰጣለች። ሲበቃት ደረቷን ብድግ ታደርጋለች፤ ከዚያም ስንጥቁ ውስጥ ገብታ ጥላ ትፈልጋለች። ግንቡ፣ ስንጥቁና ጥላው አንድ ላይ ለእሷ የሙቀት ተዳፋት ናቸው። በሣጥን የሚያኖራት ሰው ይህንኑ ምርጫ ሊሠራላት ይገባል። ሣጥኑን ሁሉ እኩል 30 ዲግሪ ማድረግ ምርጫዋን መንጠቅ ነው።

ነገሩ የሚከብደው ዛፍ ላይ በሚኖር ዘንዶ ነው። ዘንዶ ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ያወጣውን ነው፤ በቆላው፣ በአላጣሽ በኩል ያለው የአፍሪካ ዘንዶ ግን፣ መውጣት ቢችልም፣ አብዛኛውን ኑሮውን የሚገፋው መሬት ላይና ውሃ ዳር ነው። የዛፍ ዘንዶ ሲባል የሚታወቀው የኒው ጊኒና የሰሜን አውስትራሊያው አረንጓዴ ዘንዶ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ሲፈለፈል ቢጫ ወይም ቀይ ነው፣ ሲያድግ ይለመልማል። ቀኑን ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሞ፣ ራሱን በጥምጥሙ መሃል አሳርፎ ያሳልፋል። ደኅንነት የሚሰማውም ከፍታ ላይ ነው።

ጣጣው እዚህ ጋ ይመጣል። ሊማሊሞ ላይ ሙቀቱ ያለው ከታች ነው፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ግን ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። ረጅም ሣጥን ሠርቶ ማሞቂያውን ጣሪያው መሃል ያንጠለጠለ ሰው ተዳፋት አበጀሁ ይላል። ከላይ 31፣ ከታች 24 ዲግሪ፦ በወረቀት ላይ ልክ ነው። ዘንዶው ግን ከላይ እምብዛም አይወርድም፤ ከታች ያለው ቅዝቃዜ ለእሱ እንደሌለ ነው። ሙቀት ሲበዛበት እንኳ ሜዳ ላይ ከመጋለጥ እዚያው መሰቃየት ሊመርጥ ይችላል። ስለዚህ ተዳፋቱ ተኝቶ ወደ ጎን መዘርጋት አለበት። ማሞቂያው በጣሪያው አንድ ጫፍ ይታሰራል። ቅርንጫፎቹ በአንድ ከፍታ ላይ አግድም ይቀመጣሉ፦ አንዱ ማሞቂያው ሥር፣ አንዱ መሃል፣ አንዱ ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ። ውፍረታቸው ቢለያይ ይመረጣል። ሽታው የሚከብድ የጥድ እንጨት ይቅር፤ ቅባቱ ለእባብ መተንፈሻ ጥሩ አይደለም። ወለል የሚያሞቅ ምንጣፍ ለእንዲህ ያለው እንስሳ ምንም አይፈይድም። ተጋልጦ የተንጠለጠለ አምፖልም አደጋ ነው፤ ዘንዶው ይጠመጠምበትና ይቃጠላል። ለዚህ የተሻለው በጣሪያ ላይ የሚለጠፍ ጠፍጣፋ ማሞቂያ ነው። ሙቀቱን ከሚቆጣጠር ቴርሞስታት ጋር ይያያዛል፣ የቴርሞስታቱም መለኪያ ዘንዶው በሚያርፍበት ቅርንጫፍ አጠገብ ይሆናል። መለኪያውን ግድግዳ ላይ ማሰር ሐሰተኛ ቁጥር ያመጣል።

የጎንደር ደጋ ሌላ ችግር ይጨምራል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ ደባርቅ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። በበጋ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ 12 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት አለ እንበል። ያንኑ አየር ምንም ውሃ ሳይጨምሩ 30 ዲግሪ ቢያደርሱት እርጥበቱ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል፤ ሞቃት አየር ብዙ ውሃ መሸከም ስለሚችል ነው። አረንጓዴው ዘንዶ ቢያንስ 50 በመቶ ይፈልጋል። አየሩ ሲደርቅ ቆዳውን ሲቀይር ተቆራርጦ ይቀርበታል፣ አፍንጫውም ይታመማል። ስለዚህ በደጋ ማሞቅና ማርጠብ አይነጣጠሉም። ማሞቂያው በተጨመረ ቁጥር የውሃ ርጭቱም ይጨመራል፤ ነገር ግን የአየር ማስገቢያው ተዘግቶ ሣጥኑ ሻጋታ እንዳያወጣ መጠንቀቅ ነው።

ዘንዶ ማሳደግ የእኛ አገር ልማድ አይደለም፤ ይህን የምጽፈውም ጀምሩ ለማለት አይደለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለ። አረንጓዴው ዘንዶ ደግሞ ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የተቀላቀለችው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት በሁለተኛው ዝርዝሩ ካሰፈራቸው እንስሳት አንዱ በመሆኑ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። «የሙቀት ተዳፋት» የሚለው ቃል ግን ለባዮሎጂ መምህሩና ለእንስሳት ሐኪሙ ያስፈልጋል፤ ስለ እንሽላሊቷም ስለ አዞውም ሲያስተምሩ በቀላሉ ያስረዱበታል።

ወደ ሣጥኑ ልመለስና፣ መብራት ሲጠፋ ተዳፋቱ ይፈርሳል፤ ሣጥኑ ከሞቀው ጫፍ ጀምሮ እየቀዘቀዘ ሁለቱ ጫፎች እኩል ይሆናሉ። የመስታወት ሣጥን ቶሎ ሙቀቱን ይጥላል፣ ወፍራም እንጨት ያቆየዋል። ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በሞቃቱ ጫፍ ማስቀመጥ ለጥቂት ሰዓት ይረዳል። በዚያ ሌሊት ዘንዶውን መመገብ አይገባም፤ ሲበርደው ምግቡ ስለማይፈጭለት ይተፋዋል።