ማዳበሪያው በየት በኩል መጣ?

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ወደ መርካቶ የሚገባውንና የሚወጣውን ብትቆጥሩ፣ ከሰው ቀጥሎ የሚበዛው ማዳበሪያ ነው። ነጩን ከረጢት ማለቴ ነው። በርበሬ ቢይዝ፣ ልባሽ ጨርቅ ቢይዝ፣ የቆራሌው ጣሳ ቢሞላበት ስሙ ያው ማዳበሪያ ነው። (በያዘው ነገር ስም ቀረ። ስም ስናወጣ እንዲህ ነን!)

የከረጢቱ ክር ፖሊፕሮፒሊን ይባላል። የሚሠራው ከጥጥ ሳይሆን ከነዳጅ ከሚገኝ ጋዝ ነው። ታሪኩም እንደ መርካቶ ስም ሁሉ ወደ ጣሊያን ይወስደናል። ድልድዩ የምኒልክን የጦር ሚኒስትር የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ስም ስለያዘ፣ ከጦርነት ብንጀምር አይከፋም።

ፋሺስት ጣሊያን በ1935 (እ.ኤ.አ.) ሲወረን የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለባት። መቼም ያ ማዕቀብ ለእኛ የፈየደልን ነገር የለም። ነዳጅ አልተከለከለም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ በሐምሌ 1936 ጭራሽ ተነሳ። ወደ ጣሊያን እንዳይላኩ ከተከለከሉት ዕቃዎች አንዱ ግን ጎማ ነበር። ጣሊያን የጎማ ዛፍ የላትም፤ ጦር ደግሞ ያለ ጎማ አይንቀሳቀስም። ሞሶሎኒም ማዕቀቡን ሰበብ አድርጎ “ሁሉንም በራሳችን” የሚለውን መርሕ አወጀ። ማዕቀቡ ሲነሳ መርሑ አልተነሳም። በ1938 ጁልዮ ናታ የተባለ ኬሚስት በአገሩ ሰው ሠራሽ ጎማ ለማምረት ጥናት ጀመረ።

በዚያው ዓመት ናታ በሚላኖ ፖሊቴክኒክ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪን ወንበር ያዘ። ወንበሩ ባዶ የሆነው ባለቤቱ ማሪዮ ጃኮሞ ሌቪ አይሁዳዊ በመሆኑ በዘር ሕጉ ስለተባረረ ነው። እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ ያው የዘር ፖለቲካ ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ “ለአገሬው ሰው” ወደተመደበው ሰፈር ወሰደው፤ መርካቶ ኢንዲጄኖ ብሎም ሰየመው። አንድ ፕሮፌሰር ከወንበሩ፣ አንድ ሙሉ ገበያ ከቦታው፣ በአንድ ሐሳብ ተነቀሉ። የናታ ታሪክ ሲተረክ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ1954 ነው። ለእኔ ይህ አጀማመር ግማሹን ይዘላል። ያለ ወረራው ናታ ምንም አይሠራም ነበር አልልም፤ ወደ ጎማ የገፋው ነፋስ ግን ከየት እንደነፈሰ እናውቃለን።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1953፣ ጀርመናዊው ካርል ዚግለር ቲታኒየምና አሉሚኒየም ያሉበት አዲስ ካታሊስት አገኘ። ካታሊስት ማለት ሽማግሌ በሉት፦ ሌሎችን አጋብቶ እሱ ወደ ሚቀጥለው ቤት የሚሄድ። ዚግለር ያለ ከባድ ግፊት ጠንካራ ፕላስቲክ ሠራበት። ናታ በመጋቢት 1954 ያንኑ ሽማግሌ ፕሮፒሊን ወደሚባል ጋዝ ላከው። ውጤቱን በመርካቶ ቋንቋ ልንገራችሁ። የፕሮፒሊን ቅንጣቶች ዝም ብለው ከተቀጣጠሉ የሚወጣው እጅ ላይ የሚጣበቅ ለስላሳ ነገር ነው። ካታሊስቱ ግን እንደ ሸማ ተራ፣ እንደ ምናለሽ ተራ፣ ሁሉንም በየተራው አሰለፋቸው፤ የጎን ቅርንጫፎቻቸው በአንድ ወገን ዞሩ። ያን ጊዜ ተጠጋግተው ይጠነክራሉ፣ ክር ይሆናሉ። ፋብሪካው በ1957 ፌራራ ላይ ሥራ ጀመረ። በ1963፣ አፍሪካውያን መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአንድነት ድርጅቱን በመሠረቱበት ዓመት፣ ናታና ዚግለር ኖቤል ተካፈሉ።

(ከረጢቱ መጀመሪያ የያዘው ዩሪያም የካታሊስት ልጅ ነው፤ አሞኒያው የሚሠራው በብረት ካታሊስት ነው። እሱ የሌላ ቀን ወሬ ይሁን።)

ክሩ ሙቀት ይሰማዋል፤ ወደ 160 ዲግሪ ሲደርስ ይቀልጣል፣ ሲበርድ እንደገና ይጠነክራል። ስለዚህ አሮጌው ተለቅሞ፣ ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ያልቀለጠው ይቀደድና የሱቅ ጥላ፣ ገመድ፣ የተሸካሚ ትከሻ መደገፊያ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ ብዙ ወሬ ነበር፤ ስለ ማዳበሪያ ያወራ ሰው አልገጠመኝም። ዝናብ አያበሰብሰውም። ፀሐይ ግን ሰልፉን ቀስ በቀስ ትበጣጥሰዋለች፤ ክሩ ነጭ ብናኝ እየሆነ ይረግፍና፣ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጠራርጎ ድልድዩ ሥር ወዳለው ወንዝ ይወስደዋል።